ፍሬኑን ማንም አልረገጠም

የመኪናው የነዳጅ ታንክ በተራገፈበት ጠዋት በመሥሪያ ቤታችን ግቢ አራት ሰዎች ነበርን። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መኮንን በረንዳው ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። መካኒኩ ደምሴ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ቡሎን ይፈታል። ሾፌሩ ሰይድ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወጥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ግቢው መሃል ለብቻው ቆሟል። እኔ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አጠገቤ ገና ያልተከፈተ የናፍጣ በርሜል አለ።

አቋቋማችንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከአራታችን አንዱ ሌባ ተብሎ፣ ሦስታችን ልንፈርድበት የቆምንበት ጠዋት ነበር።

የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባጃጅ በሸዋ ሮቢት መንገዶች ላይ ገና መብዛት የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት አልፌያለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በንብረት ክፍል ተቀጠርኩና እዚያው አረጀሁ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ ከኋላዬ ግን «ቁልፍ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። አልከፋኝም። በቆጠራ ጊዜ ከመጋዘኔ አንድ ምስማር ጎድሎ ስለማያውቅ ስሙን እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው።

መኪናው ነጭ ፒክአፕ ነው። ከተዘጋ ፕሮጀክት የተላለፈልን ሲሆን ሞተሩን ኮምፒውተር ነው የሚያዘው ይባላል። ከመጋቢት ጀምሮ አመል አወጣ። ሰይድ ነዳጅ ሲሰጠው ወዲያው አይነሳም፤ እንደሚያስብ ሰው ያመነታል፤ ዳገት ላይ ጭራሽ ይታነቃል። ደምሴ ፊልትሮውን ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ የነዳጅ መርጫዎቹን አወጣና አጠበ፤ ፖምፓውን ፈትቶ ገጠመ። ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ «ከሞተሩ አይደለም፤ ከነዳጁ ነው» አለ።

ከነዳጁ ነው ማለት በእኛ ዘንድ ከሾፌሩ ነው ማለት ነው። ናፍጣውን ሸጦ በነጭ ጋዝ ይሞላዋል ማለት ነው። ሰይድ «ጠዋት ደህና ነው፤ ቀትር ላይ ነው የሚያመው» እያለ ደጋግሞ ተናግሯል። እኛ ደግሞ ይኸንኑ ማስረጃ አደረግንበት። ጠዋት ንጹሕ ናፍጣ ይቀዳል፤ ቀትር ላይ መንገድ ላይ ይቀላቅላል አልን።

ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ መኮንን፣ ደምሴና እኔ። ታንኩ ይራገፍ፣ ይታጠብ፣ ከታሸገ በርሜል ናፍጣ በእኔ እጅ ይቀዳበት፣ ከዚያ ሦስታችንም ተሳፍረን እንፈትነው ተባለ። መኪናው አሁንም ካመነታ ሰይድ ንጹሕ ነው፤ ካላመነታ ግን በእምነት ማጉደል ተሰናብቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የያዘ ሾፌር በአካባቢው የሚቀጥረው የለም። አምስት ልጆች አሉት፤ አባቱ ጀውሃ አጠገብ ያረሱት የነበረው መሬትም ለወንድሞቹ ተከፋፍሏል። ከመሪ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ሰማዩ ደመና ለብሶ ነበር፤ ለግንቦት የማይገኝ ነፋስም ነበረ። ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ዳገቱን ይዘን እስከ አርማኒያ ወጣን። መኪናው እንደ አዲስ ሄደ። አንድም ጊዜ አላመነታም። ሰይድ መሪውን እንደያዘ «ዛሬ ምን ነካው?» ሲል ሰማሁት። መኪናው ስለተሻለው ያዘነ ሾፌር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ተመለስን። አቶ መኮንን «እንግዲህ ታየ» አሉ። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ደምሴ ፈረመ፤ እሳቸው ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ተፈጸመ ብዬ ቀለል አለኝ። አቶ መኮንን በአሥር ሰዓት ወደ ደብረ ብርሃን ስለሚሄዱ የስንብት ደብዳቤውን ለበላይ መሥሪያ ቤት ይዘውት እንዲሄዱ ተወሰነ።

ነገር ግን የዚያን ዕለት ከአጣዬ መጋዘን ለገበሬዎች የሚታደል የማሾ ዘር መረከብ ነበረብኝ። ሌላ ሾፌር የለም። «መኪናው ድኗል፤ ለመጨረሻ ጊዜ እሱ ይውሰድዎት» አሉኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ከሰይድ ጋር ሁለታችን ብቻ ወጣን። ደመናው ተበትኖ ነበር። የሸዋ ሮቢትን የግንቦት ቀትር የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የመኪናው በር እጄታ በነጠላ ካልሆነ አይያዝም ብዬ ብነግረው ይበቃል።

ጀውሃ ደረስን። ድልድዩን አልፈን ትንሽዋን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ አመነታ። ሰይድ ነዳጅ ሰጠው። መኪናው አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለና ጉልበቱ ወረደ፤ እንደገና ሰጠው፤ እንደገና ወረደ። ከኋላችን የሽንኩርት ጭነት የያዘ መኪና ጥሩምባውን ነፋብን።

ሰይድ መንገድ ዳር አቆመ። ወደ እኔ አልዞረም።

«እትዬ፣ ናፍጣውን ማን ቀዳው?»

«እኔ።»

«ታንኩን ማን አጠበው?»

«ደምሴ።»

«ከዚያ ወዲህ የመኪናው ቁልፍ የት ነበር?»

«እኔ ቦርሳ ውስጥ።»

«ታዲያ ነጭ ጋዙን ማን ጨመረው?»

የሽንኩርቱ መኪና አልፎን ሲሄድ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «መንግሥት ደከመው እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ሰይድ አልሳቀም።

«ሰይድ» አልኩት፤ «ፈርሜያለሁ።»

«አውቃለሁ። ጣትዎ ላይ ቀለም አለ።»

ጣቴን አየሁ። እውነቱን ነው። በነጠላዬ ጫፍ ልጠርገው ሞከርኩና ተውኩት።

«ሰንበቴ ከተማ አንድ ሰው አለ» አለኝ ሰይድ። «ኑሩ ይባላል፤ የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራል። በአሰብ መንገድ ዘመን የከባድ መኪና ሁሉ መብራት በእጁ ያለፈ ነው። እስከ ዛሬ ያልወሰድኩት ደረሰኝ ስለሌለው ነው። ደረሰኝ ከሌለው አንቀበልም ይላሉ።»

«ይላሉ» ያለው እኔን ነው። «ንዳ» አልኩት።

በእርጋታ እየነዳ፣ ዳገት ባየ ቁጥር ከሩቅ እየተንደረደረ ሰንበቴ አደረሰን። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ኑሩ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዷል። የሥራ ቦታው አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነው፤ ወንበር፣ አሮጌ ባትሪዎች፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሙሉ ቁርጥራጭ ዕቃ። ሰይድም ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሰዓቴን አሥር ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም። አቶ መኮንን በአሥር ሰዓት ይሄዳሉ። እስከዚያ የቀረን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

ኑሩ ሲመጣ ስድሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው። ሰይድን ከሩቅ አይቶ ጀመረው።

«የመንግሥት መኪና ሰንበቴ ምን ያቆመዋል? ቲማቲም ልትጭን ነው?»

«አንቆኝ ነው፣ ጋሼ ኑሩ።»

«አንተን ነው መኪናውን?»

«ሁለታችንንም።»

ኑሩ ይህን ሲሰማ ቀልዱን ተወ። «ይውረዱ እትዬ፤ ጥላ ይያዙ» አለኝና ወንበሩን ሰጠኝ። ሰይድ ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ሌባ መባሉንም አልደበቀም። እኔ ከፈራጆቹ አንዷ መሆኔን ግን አልተናገረም።

ሰይድ ኮፈኖውን ሊከፍት ሲል ኑሩ ከለከለው። «ቆይ። ሐኪም ገና ሳይጠይቅ ሆድ ይቀድዳል? ገብተህ መብራቱን ሁሉ አብራልኝ።» መኪናውን ዞረ። የፊት መብራት አየ፤ የመታጠፊያውን አየ። ከኋላ ቆመና «ፍሬን ርገጥ» አለ።

«ረግጫለሁ።»

«አልበራም።»

«አምፑል የለውም።»

«ከሁለቱም በኩል?»

«ከሁለቱም።»

«ሾፌር ነህ አንተ? ያለ ፍሬን መብራት በዚህ መንገድ? ወላሂ፣ የኋላህ ሰው አያሳዝንህም? ለምን አታስገባም?»

ሰይድ ከመኪናው ወርዶ ጫማውን ይመለከት ጀመር። ወደ እኔ ቢጠቁም ማንም አይፈርድበትም ነበር። አልጠቆመም።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት» አልኩ። «በሁለት ወር አራት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ሰጠሁ። የፍሬን አምፑል በሁለት ወር ሦስት ጊዜ አይቃጠልም። እየሸጠው ነው ብዬ አራተኛውን ከለከልኩት።»

ኑሩ ትኩር ብሎ አየኝ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። «ልክ ነዎት» አለ ቀስ ብሎ። «በሁለት ወር ሦስት ጊዜ አይቃጠልም። ቀኑን ሙሉ እየበራ ካልዋለ በቀር።»

ከቆርቆሮው ውስጥ አንድ አምፑል መርጦ አወጣ። የኋላውን መብራት ሽፋን ፈታ፤ አምፑሉን ገፍቶ አዞረው። ፀሐዩ ስለሚያሳውር ሁለት እጁን እንደ ጃንጥላ አድርጎ ጋረደለትና ጎንበስ አለ። እኔም ከወንበሩ ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ።

ቀይ መብራቱ በርቷል።

«ሰይድ» አለ ኑሩ ቀና ሳይል፤ «ፍሬኑን ማን ረገጠው?»

ሰይድ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። ሦስታችንም ወደ ሾፌሩ ወንበር አየን። ወንበሩ ባዶ ነው፤ በሩ ክፍት ነው።

«ማንም» አለ ሰይድ።

«ሱብሃነላህ። መኪናው ግን ተረግጧል ነው የሚለው።»

ኑሩ ከመሪው ሥር ጭንቅላቱን አስገብቶ በጀርባው ተኛ። እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ። «መብራቱን እዩ» አለን። በካቻቢቴ እጄታ አንዳች ነገር ኳ አደረገ። መብራቱ ጠፋ። ፔዳሉን በእጁ ተጭኖ ለቀቀው። መብራቱ በራ፤ ሳይጠፋም ቀረ። እንደገና ኳ፤ ጠፋ።

ወጥቶ ላቡን ከጠረገ በኋላ ያስረዳን እንዲህ ነው። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ አለች። ፔዳሉ ሲረገጥ ምላሷ ትወጣና መብራቱ ይበራል፤ ሲለቀቅ ፔዳሉ ምላሷን መልሶ ይገፋታል፤ መብራቱ ይጠፋል። የእኛዋ በውስጧ አርጅታለች፤ ሙቀት ሲነካት ትያዝና ብትገፋም መብራቱን አትቆርጥም። በድሮ መኪና ቢሆን ጉዳቱ አምፑል ማቃጠል ብቻ ነበር። በዚህኛው ግን ኮምፒውተሩም ከእሷ ነው የሚሰማው። ፍሬን ተረግጧል ስትለው ያምናታል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ «ፍሬን እየረገጠ ነዳጅ የሚሰጥ ተሳስቷል» ብሎ ናፍጣውን ይቀንሳል።

«ጠዋት ትቀዘቅዛለች፤ ትመለሳለች» አለ። «ቀትር ላይ ትያዛለች። ቆላ ነው እኮ ያላችሁት። አምፑሉ ቢኖር ከኋላህ የሚመጣ ሁሉ ይነግርህ ነበር። ‹አንተ ሰው፣ ከፍሬን ላይ እግርህን አንሳ› ይልህ ነበር።»

እኔን እያየ አልተናገረውም። ሰይድንም አላየም። መሬት እያየ ነው የተናገረው። እስከ ዛሬ ስለዚያ አመሰግነዋለሁ።

ከቆርቆሮው ውስጥ ከተገለበጠ መኪና የተፈታች ሌላ ማብሪያ ፈልጎ ገጠማት። አሮጌዋን ሰይድ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ኑሩ አልፎት ለእኔ ሰጠኝ።

«ለርስዎ ነው የምትሆነው። እሱ ቢያሳይ ማን ያምነዋል?»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰይድ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ አጣዬ አቅጣጫ ሊታጠፍ ሲል «ወደ ቤት» አልኩት።

«ዘሩስ፣ እትዬ? እየጠበቁዎት ነው።»

«ሰኞ።»

በሥራ ዘመኔ ተረከቢ የተባልኩትን ሳልረከብ የተመለስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መኪናው በጀውሃ ዳገት ላይ አንዴ እንኳ አላመነታም። ሰይድ አንድ ሁለት ጊዜ ነዳጁን ያለ ምክንያት ጠበቅ አድርጎ ረገጠው። ደስ ብሎት መሆኑ ገባኝ፤ ፍጥነት ቀንስ አላልኩትም።

አቶ መኮንን ቦርሳቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። ነገርኳቸው። ማብሪያዋን አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አደረግሁ። በአንድ ትንሽ አምፑልና በባትሪ ድንጋይ ኑሩ ሲሰጠኝ እንዳሳየኝ አገናኝቼ ምላሷን በጣቴ ገፋሁ። አምፑሉ ወዲያው ጠፋ። ለቀቅኋት፤ በራ። ገፋኋት፤ ጠፋ። ልክ ጤነኛ ማብሪያ እንደሚያደርገው።

ከራሳቸው በላይ የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል። እስከምደርስ በቦርሳዬ ውስጥ ቀዝቅዛለች።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ» አሉኝ በለሆሳስ፤ «ሰይድ አሳዘነዎት መሰለኝ። እኔም አዝኛለሁ። ግን የተፈረመ ተፈርሟል።»

«አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።»

«አውቶቡሱ…»

«አሥር ደቂቃ።»

ወጣሁና ማብሪያዋን የመኪናው ኮፈኖ ላይ አስቀመጥኳት። ብረቱ ያቃጥላል። በዕድሜዬ ጸሎት በአደባባይ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። ሰይድ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ያየኛል። ስትግል በነጠላዬ ይዤ ገባሁ። አገናኘኋትና ምላሷን ገፋሁ። አምፑሉ አልጠፋም። አጥብቄ ገፋሁ። አልጠፋም።

አቶ መኮንን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሞከሩት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ።

«ደብዳቤው ይቀራል» አሉ። «በቃለ ጉባኤው ላይ ማረሚያ ይጻፉበት። የአምፑሉን ነገር ግን ባይጽፉት ይሻላል፤ እርስዎን ይነካል።»

«ይንካ» አልኩ። «እሱ ካልተጻፈ ‹ታዲያ መብራቱን እንዴት ሳታዩት ቀራችሁ?› የሚል ሰው መልስ አያገኝም።»

አራተኛውን አምፑል የከለከልኩት በጥርጣሬ እንደሆነ፣ ጥርጣሬዬም ማስረጃ እንዳልነበረው ጻፍኩና ፈረምኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከጡረታ ወረቀቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ከምስጋና ወረቀቶቼ ቀድሜ እሱን ስለማገኘው አንዳንዴ አነበዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት ከእናንተ መካከል የቁልፍ ያዥ ሥራ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሰው አንድን ዕቃ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ፣ ደብተሬን ገልጬ ስንት ጊዜ እንደወሰደ አይ ነበር። ከዚያ በኋላ ከወንበሬ ተነሥቼ ዕቃው የገባበትን ቦታ አይ ጀመር። እግሬ ብዙ ደከመ፤ አንዳንዴም በእርግጥ የሰረቀ ሰው አግኝቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ያገኘሁት የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተጣመመ በር፣ የተበላሸ ነገር ነው። ሰዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ኖረዋል፤ በሌላ ቋንቋ አልነበረም፤ የማልሰማው እኔ ነበርኩ።

ሰይድ ጡረታዬ እስኪደርስ አብሮኝ ሠራ፤ ከእኔም በኋላ ሠራ። ልጆቹን አስተማረ። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈርስ ነበር፤ ያፈረስኩት እኔ እሆን ነበር። ጀውሃ ላይ ባይታነቅ፣ ደመናው ባይበተን፣ ኑሩ ኮፈኖውን ቢከፍት ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ምስጋና መናገር አይሆንልኝም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ያን ቀን ከአቶ መኮንን ቢሮ ስወጣ ሰይድ ከቧንቧው ውዱእ አድርጎ ከኒሙ ሥር ይሰግድ ነበር። እስኪጨርስ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ምንጣፉን ሲያጥፍ ወረድኩና አጠገቡ ሄድኩ።

«ደብዳቤው ቀርቷል» አልኩት።

«አልሃምዱሊላህ።»

«በድዬሃለሁ፣ ሰይድ። አውፍ በለኝ።»

«ብያለሁ፣ እትዬ። ጀውሃ ላይ ነው ያልኩት፤ ፈርሜያለሁ ሲሉኝ። ሌላው ሰው ዝም ይል ነበር።» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ይግቡ፣ ቤት ላድርስዎ።»

«በእግሬ ልሂድ።»

ቦርሳዬን በብብቴ ይዤ በግቢው በር ወጣሁ።